ከአየር ፎቶግራፍ ወደ ካርታ፤ የባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግ እንዴት ይለካል?

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማችን የካርታ ሥራ ትምህርት የሚወስዱ ሠልጣኞች አንድ የተለመደ የመስክ ሥራ አላቸው። ከከተማው ዳር ያለውን ጨፌ የሚያሳይ የአየር ፎቶግራፍ ይሰጣቸውና ውሃውን፣ ቄጠማውንና ደረቁን መሬት ለይተው በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ ይታዘዛሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቡድን በፎቶግራፉ ላይ ጠቍሮ የታየውን ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ «ኩሬ» የሚል ስም ሰጠው። ሥራው ንጹሕ ስለነበረ እኔም ጥሩ ማርክ ሰጠሁት። በሳምንቱ ካርታውን ይዘን ወደ ቦታው ስንወርድ ግን በትልቁ «ኩሬ» ላይ ከብቶች ሲግጡ አገኘን። ከብቶቹን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ግራ መጋባታችንን አይተው፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ውሃ ኖሮበት አያውቅም። በበጋ ሣሩን እናቃጥለዋለን እንጂ» አሉን። ለካስ ፎቶግራፉ የተነሣው ሣሩ በተቃጠለ ሰሞን ኖሯል።

ስሕተቱ የሠልጣኞቹ ብቻ ሳይሆን የእኔም ነበር። ፎቶግራፍ ጥቁር ቦታ መኖሩን ያሳያል እንጂ ጥቁሩ ነገር ምን እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚናገረው አንባቢው ነው፤ አንባቢ ደግሞ ይሳሳታል። በእኛ ጨፌ ላይ የተደረገው ስሕተት ያስከተለው ጉዳት የለም። የሰው ሕይወትና ንብረት የሚጠበቀው ከካርታ በሚነሣ ውሳኔ በሆነበት ቦታ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በተለይም ኤሴክስ በተባለው አውራጃ፣ የባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግን ከአየር ፎቶግራፍ ላይ በካርታ ለማስፈር የተካሄደው ሥራ ነው። አገሩ ሩቅ ቢሆንም ዘዴው ለማንኛውም ረግረግ ስለሚያገለግል ደረጃ በደረጃ እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋማ ረግረግ ምንድን ነው?

«ጨዋማ ሜዳ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አሞሌ ጨው የሚቈረጥበት የአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። በአፋሩ የጨው ሜዳ ላይ ተክል አይበቅልም፤ የባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግ ግን በአረንጓዴ ተክል የተሸፈነ፣ የባሕር ውሃ እየመጣ የሚያለብሰውና ተመልሶ የሚገልጠው ለጥ ያለ የጭቃ መሬት ነው።

የባሕር ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በአብዛኛው ጠረፍ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አዲስ ጨረቃ በምትወጣበትና ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። ማዕበል በማይበረታባቸው የወንዝ አፎችና ጥጎች ውስጥ በውሃው የመጣው ደቃቅ ጭቃ ቀስ እያለ ይዘቅጣል። ጭቃው ከፍ እያለ ሲሄድ ጨው የሚችሉ ተክሎች ይበቅሉበታል። እነርሱም በተራቸው የውሃውን ፍጥነት እያዘገዩ ተጨማሪ ጭቃ እንዲዘቅጥ ያደርጋሉ።

ተክሎቹ የሚበቅሉት ዝም ብለው ተደባልቀው አይደለም፤ እያንዳንዱ ዓይነት ውሃው በሚያለብሰው ጊዜ ብዛት መሠረት የየራሱን ደረጃ ይይዛል። የጣናን ዳርቻ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። እዚያ ደንገሉ እግሩን ውሃ ውስጥ እንደ ነከረ ሲቆም፣ ቄጠማውና ሰርዶው ወደ ደረቁ መሬት ይጠጋሉ። በኤሴክስ ጠረፍም እንደዚሁ ከሁሉ በታች ባዶ ጭቃ ይገኛል። ቀጥሎ ሳሊኮርኒያ የተባለው ሥጋማ ተክልና እስፓርቲና የተባለው ጠንካራ ሣር ይበቅላሉ። ከዚያ ከፍ ሲል ፑችኔሊያ የተባለው አጭር ሣርና ወይን ጠጅ አበባ ያለው ሊሞኒየም፣ እንዲሁም በውሃ መውረጃዎች ዳር ዳር ግራጫ መልክ ያለው አትሪፕሌክስ ይገኛሉ። በላይኛው ደረጃ ላይ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ውሃ የሚደርስባቸው ረጃጅም ሣሮች ይበቅላሉ።

ለባዮሎጂ መምህራን የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። ዛሬ በእንግሊዝ ጠረፍ የተስፋፋው እስፓርቲና በ19ኛው መቶ ዓመት በሳውዝአምፕተን አካባቢ የተገኘ አዲስ ዝርያ ነው። በመርከብ የመጣ የሰሜን አሜሪካ ዝርያ ከአገሩ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ መካን ዲቃላ ተፈጠረ። በኋላም የዲቃላው ክሮሞሶም እጥፍ ሆኖ ዘር ሊሰጥ ቻለ። አዲስ ዝርያ በሰው ዕድሜ ውስጥ ሊፈጠር እንደሚችል ለተማሪዎች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በሞቃት ጠረፎች ላይ የዚህን ረግረግ ቦታ በብዛት የሚይዘው ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ ነው። በቀይ ባሕር ዳር በምጽዋ አካባቢ፣ በኬንያ በላሙ፣ በታንዛኒያም በሩፊጂ ወንዝ አፍ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚገለጸው የካርታ ዘዴ በመሠረቱ ለማንግሮቭም ይሠራል።

ካርታው ለምን አስፈለገ?

በኤሴክስ ጠረፍ ከረግረጉ በስተኋላ የአፈር ግድብ አለ። ከግድቡ በስተኋላ ያለው የእርሻና የግጦሽ መሬት በአብዛኛው ከከፍተኛው የባሕር ሙላት ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ሌሊት ብርቱ ነፋስና ከፍተኛ ሙላት ተገናኝተው የሰሜን ባሕር ውሃ ግድቦችን ጥሶ ገባ። በእንግሊዝ 307፣ በኔዘርላንድም 1,836 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ከ50 በላይ የሚሆኑት ካንቬይ በተባለችው የኤሴክስ ደሴት የሚኖሩ ነበሩ።

ረግረጉ ለግድቡ እንደ ጋሻ ያገለግላል። ማዕበሉ ከግድቡ ከመድረሱ በፊት በተክሎቹና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ኀይሉን ይጨርሳልና። በ1995 ታትሞ የወጣ ስሌት ከግድቡ ፊት 80 ሜትር ስፋት ያለው ረግረግ ካለ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሊበቃ እንደሚችል፣ ረግረጉ ከሌለ ግን ግድቡ 12 ሜትር መድረስ እንደሚኖርበት ያሳያል። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናትም በጀርመን አገር በአንድ ትልቅ የሙከራ ቦይ ውስጥ 40 ሜትር ርዝመት ያለው ረግረግ ተተክሎ ማዕበል ሲለቀቅበት፣ ከታየው የማዕበል መቀነስ ውስጥ እስከ 60 በመቶ የሚሆነው በተክሎቹ ምክንያት መሆኑን አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ይህ ጋሻ ራሱ እየተበላ ነው። የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር ረግረጉ በተፈጥሮው ወደ ኋላ፣ ወደ ከፍተኛው መሬት ማፈግፈግ ነበረበት። ነገር ግን ግድቡ መንገዱን ስለዘጋበት ከፊቱ ባሕሩ ይገፋዋል፣ ከኋላው ግድቡ ያግደዋል። በ1973 እና በ1988 የተነሡ የአየር ፎቶግራፎች ተነጻጽረው ሲታዩ በኤሴክስ ከነበረው ረግረግ በ15 ዓመት ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ እንደ ጠፋ ተገመተ። ለግድብ ጥገና የሚመደበው ገንዘብ፣ ሊጠናከር ወይም ሊተው የሚገባው ግድብ የሚወሰነው እንዲህ ባለ መረጃ ነው። ስለሆነም የካርታው ትክክለኛነት ከግድቡ በስተኋላ ለሚኖረው ገበሬ የራሱ ጉዳይ ነው።

ፎቶግራፉ እንዴት ይነሣል?

የባሕር ዳር ረግረግን በእግር ዞሮ መለካት እጅግ አድካሚ ነው። ጭቃው ያሰምጣል፣ መሬቱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በተበታተኑ የውሃ መውረጃዎች የተቈራረጠ ነው፣ ሙላቱም ሰውን ከቦ ሊያስቀረው ይችላል። አውሮፕላን ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ መላውን ጠረፍ ያነሣዋል።

የፎቶግራፉ መስፈርት የሚገኘው የካሜራውን የትኩረት ርቀት አውሮፕላኑ ለሚበርበት ከፍታ በማካፈል ነው። ለምሳሌ የካሜራው የትኩረት ርቀት 152 ሚሊ ሜትር፣ የበረራው ከፍታ ደግሞ 1,520 ሜትር ቢሆን፣ መስፈርቱ 1፡10,000 ይሆናል። በፎቶግራፉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 100 ሜትር ነው ማለት ነው። በፊልም ዘመን የተለመደው ፎቶግራፍ በየጐኑ 23 ሴንቲ ሜትር ስለነበረ፣ በዚህ መስፈርት አንዱ ፎቶግራፍ በየጐኑ 2.3 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 529 ሄክታር መሬት ይሸፍናል።

ፎቶግራፎቹ ተከታትለው ሲነሡ እያንዳንዱ ከቀዳሚው ጋር 60 በመቶ ያህል እንዲደራረብ ይደረጋል። ምክንያቱም አንዱን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች በስቴሪዮስኮፕ ሲታዩ መሬቱ ከፍታና ዝቅታው ተለይቶ ይታያል። ሁለት ዐይን ስላለን ርቀትን እንደምንለየው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜውን መምረጥ ነው። ውሃው ሞልቶ ሳለ ፎቶግራፍ ቢነሣ የታችኛው ደረጃ ተክሎች ከውሃ በታች ስለሚሆኑ «የሉም» ያሰኛል። በክረምት ቢነሣ ሳሊኮርኒያ በየዓመቱ ከዘር በቅሎ የሚሞት ተክል በመሆኑ አይገኝም። ስለዚህ በአውሮጳ የሚመረጠው ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ውሃው በጐደለበት ሰዓት ማንሣት ነው። የሁለት ዓመት ፎቶግራፎችን የሚያነጻጽር ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወቅትና በአንድ ዓይነት የውሃ ከፍታ ላይ ተነሥተዋል ወይ?» ብሎ ነው። አለበለዚያ የውሃውን መሙላት የረግረጉ መጥፋት አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል።

ፎቶግራፉ እንዴት ይነበባል?

የአየር ፎቶግራፍ አንባቢ የሚመራባቸው ምልክቶች አሉ። እነርሱም የቀለሙ መድመቅና መፍዘዝ፣ የገጹ ልስላሴና ሻካራነት፣ ቅርጽ፣ ጥላና ቦታ ናቸው። እርጥብ ጭቃ ለስላሳና ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ቢያንጸባርቅበት ግን ነጭ ይሆናል። እስፓርቲና ባዶ ጭቃ ላይ ሲጀምር ከአንድ ሥር ወደ ዙሪያው ስለሚስፋፋ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። አትሪፕሌክስ የውሃ መውረጃዎችን ዳር ተከትሎ እንደ ጥልፍ ይሄዳል። ሳሊኮርኒያ በመጸው ሲቀላ በባለቀለም ፎቶግራፍ በግልጽ ይለያል።

በኢንፍራሬድ ፊልም ወይም ካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ ሥራውን ይበልጥ ያቀልለዋል። የለመለመ ቅጠል ዐይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን በብዛት ይመልሳል። ይህ ብርሃን በፎቶግራፉ ላይ በቀይ ቀለም እንዲወጣ ስለሚደረግ ተክል ያለበት ቦታ ቀይ፣ ጭቃውና ውሃው ደግሞ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ይለያል።

ቢሆንም ማታለያዎች አሉ። በባዶ ጭቃ ላይ በበጋ የሚንጣለል አረንጓዴ አልጌ ከላይ ሲታይ ጀማሪ ረግረግ ይመስላል። በኢንፍራሬድም ቢሆን ሁለቱም ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ። የግድብ ጥላም የውሃ መውረጃ ይመስላል። ፎቶግራፉን ገልብጦ የያዘ ሰው ደግሞ ጕብታውን ጕድጓድ፣ ጕድጓዱን ጕብታ አድርጎ ያየዋል። ይህን ለማስወገድ ጥላው ወደ አንባቢው እንዲወድቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

መስመሩ የት ይሰመር?

ከሁሉ የከበደው ሥራ ይህ ነው። በተፈጥሮ በባዶ ጭቃና በረግረግ መካከል የተሰመረ መስመር የለም። ተክሉ በመጀመሪያ አልፎ አልፎ ይታያል፣ ቀስ በቀስ ይበዛል፣ በኋላም መሬቱን ይሸፍነዋል። አንድ ካርታ ሠሪ «ተክል ከመሬቱ 5 በመቶ ከሸፈነ ረግረግ ነው» ቢል፣ ሌላው ደግሞ «30 በመቶ መሸፈን አለበት» ቢል፣ ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ሆነው ሁለት የተለያየ ስፋት ያገኛሉ። የመጀመሪያው በ1973፣ ሁለተኛው በ1988 ቢሠሩ ኖሮ፣ ምንም ሳይጠፋ «ብዙ ጠፋ» በተባለ ነበር። ስለዚህ ደንቡ ከሥራው በፊት መጻፍና በሁለቱም ዓመት ፎቶግራፎች ላይ ሳይለወጥ መሠራት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የቦታ ትክክለኛነት ነው። አውሮፕላኑ ጥቂት ዘንበል ካለ ፎቶግራፉም ይዛባል። ይህን ለማረም ቦታቸው በትክክል የታወቀ ነጥቦች፣ ለምሳሌ የመንገድ መገናኛ ወይም የግድብ ማዕዘን፣ ይመረጡና ፎቶግራፉ በእነርሱ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። እዚህ ላይ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት ምን ያህል እንደምትሰፋ በሒሳብ እንይ። በ1፡10,000 መስፈርት ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ መስመር በመሬት ላይ 5 ሜትር ይሸፍናል። የረግረጉ ጠርዝ 100 ኪሎ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና መስመሩ በሙሉ በ5 ሜትር ወደ አንድ ወገን ቢገፋ፣ 5 ሜትር በ100,000 ሜትር ሲባዛ 500,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 50 ሄክታር ይሆናል። እንግዲህ በእርሳሱ ውፍረት ብቻ 50 ሄክታር ረግረግ ሊጠፋ ወይም ሊፈጠር ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ሥራ ወደ መስኩ መውረድ ነው። በካርታው ላይ ነጥቦች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ባለሙያዎች ወደ ነጥቦቹ ሄደው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ማዕቀፍ መሬቱ ላይ ያሳርፉና በውስጡ ያለውን ተክል በዓይነትና በመቶኛ ይመዘግባሉ። ለምሳሌ ከ100 ነጥቦች መካከል ካርታውና መሬቱ በ82ቱ ከተስማሙ የካርታው ትክክለኛነት 82 በመቶ ነው ይባላል። የተቀሩት 18 ነጥቦች መጥፎ ዕድል ተብለው የሚተዉ ሳይሆኑ ምን ከምን ጋር እንደተምታታ የሚያስተምሩ ናቸው። አልጌው ረግረግ መስሎ የተገኘው በስንቱ ላይ ነው? ረጅሙ ሣር ከግጦሽ መሬት ጋር የተቀላቀለው የት ነው? የሚሉት ጥያቄዎች የሚመለሱት በእነዚህ ነጥቦች ነው። ይህ ቍጥር ያልተጻፈበት ካርታ ምንም ያህል ቢያምር እኔ ማርክ የሰጠሁትን የኩሬ ካርታ ይመስላል።

የዛሬው መሣሪያና የተገኘው ውጤት

ዛሬ ፊልሙ በዲጂታል ካሜራ፣ እርሳሱም በኮምፒዩተር ተተክቷል። የመቆጣጠሪያ ነጥቦች በጂ.ፒ.ኤስ. ይለካሉ፤ የመሬቱ ከፍታ ከአውሮፕላን በሚላክ የሌዘር ጨረር ይታወቃል፤ ለትንንሽ ቦታዎችም ሰው አልባ አውሮፕላን ይበቃል። ከ2015 ጀምሮ ወደ ጠፈር የተላኩት ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮጳ ሳተላይቶች የሚያነሡት ምስል ለማንም በነጻ ይሰጣል። ሆኖም የምስሉ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ ጠባብ የውሃ መውረጃዎችን አያሳይም። ስለዚህ ለረግረግ ጠርዝ የአየር ፎቶግራፍ ዛሬም አልተተካም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ አየር ኀይል ያነሣቸው የቈዩ ፎቶግራፎችም የድሮውን ጠርዝ ለማወቅ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ።

ከካርታዎቹ የተነሣ በተግባር የተለወጠ ነገር አለ። በ1995 በኤሴክስ ቶልስበሪ በተባለ ቦታ ግድቡ ሆን ተብሎ ተከፍቶ 21 ሄክታር የእርሻ መሬት ለባሕሩ ተለቀቀ። ዓላማውም ረግረጉ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። በ2015 ደግሞ በዋላሲ ደሴት ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ሲቈፈር የወጣ ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ተጭኖ መጥቶ መሬቱ ከፍ ከተደረገ በኋላ ግድቡ ተከፈተ። አባቶቻቸው ከባሕር የነጠቁትን መሬት ለባሕር መመለስ ለአንድ የገበሬ አገር ቀላል ውሳኔ አይደለም። ሰው የሚቀበለው ካርታውን ማመን ሲችል ብቻ ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ለዚህ ትምህርት ባሕር ወይም አውሮፕላን አያስፈልግም። አንድ የሐይቅ ዳርቻ፣ ጨፌ ወይም ወንዝ የሚያሳይ የአየር ወይም የሳተላይት ምስል ማተም ይበቃል። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊከናወን ይችላል።

1. ለአምስት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ምስልና ውስጡን የሚያሳይ ስስ ወረቀት ይሰጣቸዋል። እርስ በርስ ሳይተያዩ የረግረጉን ጠርዝ ያሰምራሉ።

2. አምስቱ ወረቀቶች ተደራርበው በመስኮት ብርሃን ላይ ይታያሉ። መስመሮቹ የሚስማሙበትና የሚለያዩበት ቦታ በግልጽ ይታያል።

3. እያንዳንዱ ተማሪ በባለካሬ ወረቀት ስፋቱን ይቈጥራል። መስፈርቱ 1፡10,000 ከሆነ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ሄክታር ነው። በትልቁና በትንሹ ውጤት መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ይሰላል።

4. ክፍሉ ተወያይቶ «ረግረግ ማለት...» ብሎ የሚጀምር አንድ ደንብ በጽሑፍ ያወጣል። ሥራው በደንቡ መሠረት ይደገምና ልዩነቱ መቀነስ አለመቀነሱ ይታያል።

5. መስመሮቹ ከተለያዩባቸው ቦታዎች አሥሩ ተመርጠው በእግር ይጐበኛሉ። ለብዙ ዘመን በአካባቢው የኖሩ ሰዎችም ይጠየቃሉ።

ተማሪዎች በሦስተኛው ደረጃ ላይ ውጤታቸው መለያየቱን ሲያዩ «ትክክለኛው የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መምህሩ ቸኵሎ ባይመልስላቸው ይሻላል። አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ መልሱን ራሳቸው ከመሬቱ ያገኙታልና። እኔም ከዚያ ዓመት ወዲህ ሠልጣኞቼ መስኩን ሳይረግጡ ያቀረቡትን ካርታ አላርምም፤ ሽማግሌውንም ሥራው በተጀመረ ቍጥር ሄደን እንጠይቃቸዋለን።